ከአዋሽ ማዶ የተገዘተው ደን

ከባዱ መኪና ከገዋኔ አለፍ ብሎ ሁለቱን አስፋልት ዳር አራገፋቸውና ጥቁር ጭሱን ፊታቸው ላይ ተፍቶ ወደ ሰመራ ነጎደ። ሎዛ ጭሱን በሻሿ እያባረረች ግራ ቀኙን ቃኘች። ቤት የለም። ሱቅ የለም። ዛፍ ነኝ ብሎ የቆመው ሁሉ እሾህ ነው። ከአንዱ እሾህ ሥር ግን አንድ ረጅም ቀጭን አፋር ተነሣና ሽርጡን አራግፎ፣ ግመሉን እየጎተተ መጣ። ሙእሚን ነው። ከሎዛ ጋር የወረዱትን ሽማግሌ መነኩሴ አባ ሰማኸኝን ሊቀበል ከንጋት ጀምሮ ሲጠብቅ ኖሯል።

«መንገዱ የታለ?» አለች ሎዛ።

ሙእሚን በዱላው ምንም ነገር ወደሌለበት አቅጣጫ ጠቆመ።

ሎዛን አዋሽ ከተማ ላይ የማያውቃት ሾፌር የለም። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቋርጣ በእናቷ ምግብ ቤት ስታስተናግድ፣ ከሳህኑ ቀድሞ ጠረጴዛው ላይ የሚደርሰው ምላሷ ነው። አሁን የመጣችው ግን ለቀልድ አልነበረም። ወንድሟ እንድሪያስ ሰመራ ውስጥ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ደመወዝ አለው፣ ወንበር አለው፣ የአየር ማቀዝቀዣ ሳይቀር አለው። አንድ ቀን ያን ሁሉ ጥሎ ከአዋሽ ወንዝ ማዶ ካለችው የአባ ሰማኸኝ ገዳም ገባ። የፊታችን እሑድ ሊመነኩስ ነው። ሲመነኩስ ደግሞ እንደ ሬሳ አስተኝተው ፍትሐት ይደግሙለታል። ከዚያ ወዲያ ለዓለም ሞቷል፤ የእናት ልጅ አይባልም።

እናታቸው ንጋትወርቅ ይህን ስትሰማ ያበጠ እግሯን አልጋ ላይ ዘርግታ፣ ልጄን በቁሙ ሊቀብሩብኝ ነው ብላ እህል አልቀምስ አለች። ባሏን ቀብራለች። ሁለተኛ ቀብር አትችልም። ሎዛን ጠርታ፣ ሳትይዢው እንዳትመጪ አለቻት። ሎዛም በአባቷ አጥንት ማለች።

ለአባ ሰማኸኝ አልደበቀቻቸውም። አዋሽ ላይ ዓይናቸውን ታክመው ሲመለሱ አብራ መኪናው ላይ ወጣችና፣ ልሸኝዎት ሳይሆን ወንድሜን ልወስደው ነው የምሄደው፣ እንዳይቀየሙኝ አለቻቸው። አንዱ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል፤ ሌላው ከጥላ በቀር አያይም። ፈገግ አሉ።

«መንገዱ እኮ አንድ ነው፣ ልጄ። አብረን እንሂዳ።»

ይኼ መልስ አናደዳት። ቢቆጧት ኖሮ የምትለውን ከቤቷ አዘጋጅታ ነበር የመጣችው።

ሙእሚን አባን ግመሏ ላይ አወጣቸውና ጉዞ ጀመሩ። ዘንድሮ ደግሞ ጾሙ ተገጣጥሟል። ሙእሚን ረመዳን ላይ ነው፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃ በአፉ አይዞርም። አባ ዐቢይ ጾም ላይ ናቸው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አይቀምሱም፣ ያውም ሲቀምሱ መዳፍ የማትሞላ ደረቅ ዳቤ ናት። ትልቁን የውሃ ጀሪካን ግመሏ ተሸከመች፣ ትንሹን ሎዛ። ከትንሹ የምትጠጣውም እሷው ብቻ ናት። መጀመሪያ ጀርባዋን ሰጥታ ጠጣች። ቀጥሎ በጎን ጠጣች። ሦስተኛው ላይ ፊት ለፊታቸው ቆማ አንደቀደቀችው።

«ሁለት ጻድቃን መሀል አንድ ኃጢአተኛ ካልኖረ ውሃውን ማን ይሸከመዋል?»

ሙእሚን ሳቀ። አባም፣ እውነቷን ነው አሉ።

ከቀትር በኋላ ሳቁ ቀረ። ከሜዳው ጫፍ አንድ ቡናማ ግድግዳ ተነሣ። ሎዛ ተራራ መሰላት። ተራራው ግን ይራመዳል። ሙእሚን አባን ከግመሏ ላይ እንደ ሕፃን አውርዶ መሬት ላይ አስተኛቸው፣ ሎዛንም አንገቷን ይዞ ደፋት። «አፍሽን!» ከማለቱ አውሎው ደረሰባቸው። አሸዋው ገረፋቸው። ጠጠሩ ጀርባቸውን ደበደበው። ቀኑ ጨለመ፣ አየሩ ራሱ አፈር ሆነ። ሎዛ ሻሿን ነክሳ፣ የአባን ቀሚስ ጨምድዳ፣ በልጅነቷ የተማረችውን ጸሎት ሁሉ እያደባለቀች አነበነበች። ግመሏ ጮኸች። ገመዱ ሲበጠስ ተሰማ።

ነፋሱ ሲያልፍ ግመሏ የለችም። ትልቁም ጀሪካን የለም። መንገድ የነበረው ቀጭን መስመርም ተጠርጎ ሜዳው እንደ ተላጨ ራስ ልሙጥ ሆኗል።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሙእሚን በአንድ ቴምርና በአንድ ጉንጭ ውሃ አፈጠረ። አባ ዘጠኝ ሰዓታቸው በአውሎው መሀል አልፎ ነበር። ዳቤዋን ከጉያቸው አውጥተው ግማሹን ለሎዛ ሰጧት። ገዳም ውስጥ የቀኑ ድርሻ መቁነን ይባላል፤ ከመቁነኑ ላይ ለእንግዳ ሳያካፍሉ መብላት የለም አሏት። የውሃ ድርሻቸውን ግን ከንፈራቸውን ብቻ አርሰውበት መለሱት። ሎዛ፣ እንግዳ መሆኔን ካወቁማ ወንድሜንም ያካፍሉኝ ልትል ነበር። አፏ ውስጥ አሸዋ ስለነበረ ተወችው።

አርብ ጠዋት ሙእሚን ፀሐይዋን እያየ መራቸው። መሬቱ ጥቁር ድንጋይ ሆነ። ድንጋዩ ከታች ይጋግራል፣ ፀሐይዋ ከላይ። አባ ሰማኸኝ የሎዛን ትከሻ ይዘው ሄዱ፣ ሄዱ፣ ከዚያም ጉልበታቸው ሳያስጠነቅቃቸው ከዳቸው። ቅጠሏ የረገፈ አንዲት ግራር ሥር ተጎትተው ተጋደሙ። ሙእሚንም ከጎናቸው ተቀመጠና ራሱን በሽርጡ ተከናነበ። ከዚያ ጥቁር ጉብታ ወዲያ ወንዙ ነው አለ። እሳቸውን ተሸክሞ ለመውጣት ግን ጉልበቱ አልቋል።

ሎዛ ጀሪካኑን ነቀነቀችው። ከሥሩ ጥቂት ተንቦጫቦጨ። አባ ዘንድ ወሰደችው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰዓቱ ገና ነው አሉ፤ ደግሞስ ሙእሚን እንዲህ ተቃጥሎ ሳይጠጣ እኔ ልጠጣ? ሙእሚን ዘንድ ወሰደችው። ሽርጡን ገልጦ በደም በለበሱ ዓይኖቹ አፈጠጠባት።

«ወላሂ፣ ሽማግሌው ሳይጠጣ እኔ ወንዱ በጠራራ ፀሐይ ጾሜን ልፍታ? አንቺ ልጅ፣ ጤናም የለሽ።»

መንገደኛና በሽተኛ እንዲጠጣ የሁለቱም ሃይማኖት ይፈቅዳል። ሁለቱም ያውቁታል። ግን አንዱ ሌላውን እያየ፣ ማን ቀድሞ ይሸነፋል ነው ነገሩ። በአዋሽ መንገድ ላይ ሁለት ከባድ መኪና ጠባብ ድልድይ ላይ ሲገናኝ ሎዛ አይታለች። እንደዚያው ናቸው።

ይኼኔ አንዲት ሐሳብ ሹልክ ብላ ገባች።

ከአባ ሰማኸኝ በቀር በዚያች ገዳም ቆብ የሚያስደፋ የለም። አባ እዚህ ግራር ሥር ቢቀሩ የእሑዱ ነገር ይቀራል። እንድሪያስ ቤቱ ይገባል። እናቷ እህል ትቀምሳለች። ለዚህ ደግሞ ሎዛ ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም፤ ጾማቸውን ማክበር ብቻ። እምቢ አሉኝ ብትል ውሸት አይደለም። ማንም አይወቅሳትም። እንዲያውም፣ ጻድቅ ናቸው ሲጾሙ አረፉ ተብሎ ይወራላቸዋል።

የጀሪካኑን ክዳን ጠበቅ አድርጋ ዘጋችው። ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። የሽማግሌው ትንፋሽ ሲቆራረጥ ሰማች፣ ዞር ብላ ድንጋዩን አየች። ከዚያ አባ ተንቀሳቀሱ። እንደ ምንም ክንዳቸውን ተደግፈው ወደ ዳር ተሳቡ፤ ግማሽ ገላቸው ከጥላው ወጥቶ ፀሐይ ላይ ወደቀ።

«ልጄ፣ ፀሐይ ላይ ነሽ መሰለኝ» አሉ በተሰነጠቀ ድምፅ። «ነይ፣ ቦታ ለቅቄልሻለሁ።»

ሎዛ ጥርሷን ነከሰች። የማንን እንደሆነ ባታውቅም የሆነ ሰው አባት ሰደበች። ከዚያ ክዳኑን ከፈተችና ጆሯቸው ሥር ተንበረከከች።

«ጋሼ ሙእሚን ጠጥቷል፣ አባ። ሊሞት ስለሆነ ነው። እርስዎ እምቢ ካሉ ግን አፍሮ ይተፋዋል። ተፍቶም ይሞታል። ኃጢአቱ በእርስዎ።»

የማያየው ዓይናቸው ወደ ሙእሚን ዞረ። አመኗት። አማትበው ጠጡ፤ ሲውጡ ጉሮሯቸው እንደ ደረቀ በር ሲጢጥ አለ። ሎዛ ወደ ሙእሚን ሄደችና፣ ተነሥ፣ አባ ስለ አንተ ብለው ጠጥተዋል፣ ተራው ያንተ ነው አለችው። ሙእሚን የሽማግሌውን እርጥብ ጺም አየ። ለእሱ የተነገረው በዚያን ሰዓት እውነት ሆኖ ነበር። «አላህ ይቅር ይበለን» አለና የቀረችውን ጨለጣት።

ለሎዛ ጠብታ አልተረፈም።

ሙእሚን አባን በጀርባው አዝሎ ጉብታውን ወጣ። ሎዛ ከኋላ እየገፋች፣ እየወደቀች፣ እየተነሣች ተከተለች። ከላይ ሲደርሱ አዋሽ ከታች ተዘርግቶ እንደ ጭቃ ወርቅ አበራ። ማዶው ላይ፣ በዚያ ሁሉ እሾህና አመድ መሀል፣ አንድ አረንጓዴ ነገር ጉብ ብሏል፤ ሮቃ፣ ቁርቁራ፣ ትልልቅ ግራር። ገዳሙ ነው።

ሎዛ ቁልቁል በረረች። ወንዙ ዳር ከርከሮዎች ግልገሎቻቸውን ይዘው ይጠጣሉ። ልታባርራቸው ድንጋይ አነሣች።

«ምን አለ እዚያ?» አሉ አባ ከሙእሚን ጀርባ።

«ከርከሮ ነው» አለ ሙእሚን።

«እንግዲያው ቁሙ። የዱሩ ይቅደም።»

ሎዛ የሰማችውን አላመነችም። ምላሷ ላንቃዋ ላይ ተጣብቋል፣ ውሃው እዚያ አለ፣ ሽማግሌው ለከርከሮ ወረፋ ያስይዙኛል! ሙእሚን ግን ክንዷን ጨብጦ ያዛት። ስትታገለው፣ ውሃው ተሰነጠቀ። አንድ ግራጫ ግንድ ከውስጡ ተወረወረ፤ አፍ ነበረው። የዳሩን ከርከሮ ወገቡን ነክሶ ገለበጠው። ጩኸት፣ አረፋ፣ ደም። ከዚያ ወንዙ ምንም እንዳላየ ሰው ጸጥ ብሎ ፈሰሰ።

ሎዛ ድንጋዩን ጣለችው። አዞው መኖሩን ያውቁ ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

«የት አይቼው፣ ልጄ? ተራቸው ስለነበር ነው።»

ከታች ጥልቀት በሌለው ጠጠራማ ቦታ፣ በሙእሚን ዱላ ውሃውን እየደበደቡ ጠጡ። ጠጥተው ቀና ሲሉ ጭስ ሸተታቸው። ከዳርቻው ላይ አንድ አይሱዙ ቆሟል። የከሰል ጆንያ ተደርድሯል። ከአካባቢው የጥጥ እርሻ ሥራ ያጡ ወዛደሮች መጥረቢያ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ውሃው ላይ ደግሞ ከበርሜል የተሠራ ታንኳ ታስሯል። አለቃቸው ቢሰጥ የሚባል፣ አንገቱ ላይ ማዕተብ ያሰረ ወፍራም ሰው ነው። እጅ ነሣ።

«አባቴ፣ እንኳን በደህና መጡ። ዓይንዎ እንዴት ሆነልዎ?»

ነገሩን ሙእሚን ለሎዛ በሹክሹክታ ነገራት። ቢሰጥ አገሩን የወረረውን እሾህ ቁረጥና አክስል ተብሎ የተፈቀደለት ሰው ነው። የሮቃና የግራር ከሰል ግን ዋጋው ሌላ ነው። አባ ደኑን ገዝተዋል፤ ይህን ዛፍ የነካ ውጉዝ ይሁን ብለዋል። ወዛደሮቹ ሁሉ ከደጋ የመጡ ክርስቲያኖች ናቸው። ቢሰጥ ምንም ቢለምን፣ ምንም ቢሳደብ፣ የተገዘተ ዛፍ ላይ መጥረቢያ የሚያነሣ እጅ አጣ። ደኑ ሲያልቅ ምንጩ ይደርቃል፣ የሙእሚንም ዘመዶች በበጋ ግመሎቻቸውን የሚያሳርፉበት ጥላ አይኖርም።

«አንዲት ቃል ብቻ» አለ ቢሰጥ። «ፈትቻለሁ ይበሉ፤ አሻግርዎታለሁ። አለዚያ እንግዲህ አዞው ያሻግርዎት።» ከዚያ ወደ ሎዛ ዞረ። «አንቺ የእንድሪያስ እህት ነሽ አይደል? ፊትሽ ቁርጥ እሱን ነው። ደኑ ከሄደ ገዳሙም ይሄዳል። ወንድምሽን በእኔው መኪና ጭኜ እናትሽ ደጅ አወርደዋለሁ። ምከሪያቸው እስቲ።»

ሎዛ መኪናውን አየች። ጋቢናው ሰፊ ነው። አዋሽ ድረስ አንድ ቀን አይፈጅም። አባ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ አየችና ቀደመቻቸው።

«እዚህ ሆነው ቢፈቱትማ ምን ይሠራል?» አለች እጇን ወገቧ ላይ ሰክታ። «ግዝት የሚፈታው እዛፎቹ ፊት ቆመው፣ መስቀል ዘርግተው ነው። ይኼን አያውቁም እንዴ፣ አቶ ቢሰጥ? ክርስቲያን ነኝ ይላሉ ደግሞ።»

ወዛደሮቹ ተያዩ። አንዱ፣ እውነቷን ሳይሆን አይቀርም አለ። ቢሰጥ በሰዎቹ ፊት አላውቅም ማለት አልሆነለትም። ታንኳው ተፈታ። ሁሉም መጥረቢያቸውን ይዘው ተሳፈሩ፤ በርሜሎቹ እየተንገዋለሉ፣ ገመዱ እየተወጠረ፣ ሎዛ ውሃ ውስጥ ግንድ ባየች ቁጥር ነፍሷ እየወጣች ተሻገሩ።

ከትልቁ ሮቃ ሥር ሲደርሱ ቢሰጥ፣ ይኸው ዛፉ አለ። አባ ወደ ሎዛ ዞሩ።

«ልጄ፣ እፈታለሁ ብያለሁ?»

«አላሉም። እኔ ነኝ ያልኩት።»

«እንግዲያው የራሴን ልናገር» አሉና መስቀላቸውን አወጡ። ያ የተሰነጠቀ ድምፅ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ደኑን ሞላው። ወዛደሮቹን አንድ በአንድ ባረኳቸው፤ ለቤተሰቦቻቸው እንጀራ ይስጣቸው አሉ። «ግዝቱ ግን እንዳለ ነው» አሉ መጨረሻ ላይ።

ቢሰጥ መጥረቢያ ከአንዱ እጅ ነጥቆ ሮቃው ላይ ሰነዘረ። ልጡ ተሰንጥቆ በረረ። ደግሞ ሲያነሣ ሙእሚን በአፋርኛ አንድ ጊዜ ጮኸ። ከየዛፉ ሥር፣ ከየጥላው፣ ድንጋይ የመሰለው ሁሉ ግመል ሆኖ ተነሣ፤ ከየግመሉ አጠገብም ጠመንጃ ያነገተ አንድ የሙእሚን ዘመድ። ማንም ጥይት አላጎረሰም። ዝም ብለው ቆሙ ብቻ። ወዛደሮቹ ቀድመው ወደ ታንኳው ተመለሱ።

«ዘላለም አይኖሩም፣ አባቴ» አለ ቢሰጥ መጥረቢያውን ጥሎ። «እርስዎ ሲሞቱ ያኔ እመጣለሁ።»

ታንኳው ሲርቅ፣ ከዛፎቹ መሀል አንድ ሰው ጭቃ የለበሰ አፈር መዛቂያ ይዞ ወጣ። ጸጉሩ ጎፍሯል፣ እጁ ተሰነጣጥቋል። ሎዛ ወንድሟን ያወቀችው በአረማመዱ ነው።

ምንጩ ዳር ተቀመጡ። ምንጩ መጀመሪያ ለዱር እንስሳ፣ ቀጥሎ ለከብት፣ በመጨረሻ ለመነኮሳቱ ነው። እንድሪያስ አፈር የሚዝቀው እንስሳቱ የሚጠጡበትን ገንዳ ሊያሰፋ ነበር። እማ ታማለች፣ እህል አልቀምስም ብላለች አለችው። ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ሎዚ፣ ሰመራ እያለሁ ያቺ ክፍል ውስጥ ጫት ላይ ተጋድሜ ስንት ጊዜ ደወላችሁ? አንዱን አነሣሁ? ያኔ ሞቼ ነበር። ማንም ሊወስደኝ አልመጣም።»

ሎዛ የመዛቂያውን ጭቃ በጥፍሯ ፋቀች።

«አባን ግራር ሥር ያተረፍሻቸው አንቺ ነሽ አሉ። ባታተርፊያቸው ኖሮ እኮ ይኼኔ ከአንቺ ጋር እየሄድኩ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ታዲያ?»

«እኔ እንጃ፣ እንድርዬ። ጥላ ለቀቁልኝ።»

እሑድ አባ ሰማኸኝ ከጸጉሩ ላይ በመስቀል አምሳል ቆረጡለት። የቀረውን ሊላጩት ሲሉ ከጥሙ ወዲህ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበርና ምላጩን ለሎዛ ዘረጉላት። ልትወስደው ትችል ነበር፤ ልትጥለውም። ወንድሟ ራሱን ዝቅ አድርጎ ጠበቃት። ከዚያ አስተኙት፣ ነጭ ሸማ አለበሱት፣ ፍትሐቱን ጀመሩ። ሙእሚን ርቆ ግመሎቹ መሀል ቆሟል። ሎዛ ማልቀስ ቀርቶ ዓይኗን ከሸማው ላይ መንቀል አቃታት፤ ከሆዱ በላይ ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ ይላል።

ሙእሚን ገዋኔ አስፋልት ድረስ ሸኛት። ኔትወርክ ሲመጣ ስልኳ ያመለጧትን ጥሪዎች እያከታተለ ጮኸ። ሁሉም የእናቷ ናቸው። በሺህ ዓይነት መንገድ መዋሸት ትችል ነበር፤ በፋሲካ ይመጣል፣ እያሰበበት ነው፣ አላገኘሁትም። ደወለች።

«ይዘሽው ነው?» አለች ንጋትወርቅ።

«አይደለም፣ እማዬ። መንኩሷል።»

 አንድ ከባድ መኪና አስፋልቱን እያንቀጠቀጠ አለፈ።

«ጸጉሩን ማን ላጨው?» አለች እናቷ በመጨረሻ።

«እኔ።»

«አላደማሽውም?»

«አላደማሁትም።»

ከወዲያ በኩል አልጋ ሲጢጥ ሲል፣ እግር ሲጎተት፣ መሶብ ሲከፈት፣ ሳህን ሲንኳኳ ተሰማ።